የመከታ ፍርሃት እና የእኔ ሠንጠረዥ

ለመሆኑ ውሻችሁ ያለ ምንም ምክንያት ፈርቶ ያውቃል? እንግዳ ሰው ሳይመጣ፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ፣ በሰላም ቁርሱን እየበላ ሳለ ድንገት ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ቀብሮ ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አይታችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ ያደረግሁትን ግን ከመናገሬ በፊት ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። ማስረዳት ሥራዬ ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ሲጠይቁኝ አስረዳለሁ፣ ሳይጠይቁኝም አስረዳለሁ። እናቴ «ይሄ ልጅ ጨው አቀብለኝ ሲሉት ጨው ከየት እንደሚወጣ ሲተነትን ወጡ ይበርዳል» ትላለች።

የምኖረው ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ እትዬ አስካለ ግቢ ነው። እትዬ አስካለ ከባላቸው ጋር ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ሰፈር ከከተሙ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ማዞሪያው አጠገብ የበርበሬና የቅመማ ቅመም ሱቅ አላቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዋናው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ አንዱን ፀጉር ሠሪዋ መሠረት ተከራይታዋለች፣ ሌላውን እኔ። አራተኛው የግቢው ነዋሪ መከታ ነው።

መከታ ውሻው ነው። ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ስሙን ያወጡለት የእትዬ አስካለ ባል ናቸው። እሳቸው ያረፉ ዕለት ለቀስተኛውን አላስገባም ብሎ በር ላይ ቆሞ፣ ሽማግሌዎች ለምነውት ነው የተነሣው ይባላል። ማታ ተለቆ ግቢውን ሲጠብቅ ያድራል፤ ሲነጋ እትዬ አስካለ ከጓሮው ግድግዳ ላይ ካለው የብረት ቧንቧ ጋር ያስሩታል። ከቧንቧው ሥር የልብስ እጣቢ ይደፋል፤ ከእጣቢው አለፍ ብሎ ከሳንቃ የተሠራች ቤቱ አለች።

እኔ ግቢው ከገባሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ አለፍ ብሏል። ደጃፌ ላይ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ። መከታ እርጥቡ መሬት ላይ ቆሞ በመረቅ የራሰ ትራፊ እንጀራውን ይበላል። ድንገት በጋለ ብረት የወጉት ይመስል ዘለለ። የጮኸው ጩኸት የውሻ አይመስልም። ተሽከረከረ፣ ሰሃኑን ገለበጠ፣ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ጥግ ላይ ተለጠፈ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ። መንቀጥቀጡ ሳንቃውን ያንኳኳው ነበር።

ዙሪያዬን አየሁ። ማንም የለም። አጥሩ ላይ ድመት እንኳ የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መከታ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ አየሩን አሸተተ፣ አንድ እግሩን አወጣ፣ መለሰ፣ እንደገና አወጣ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጅራቱን ወዘወዘ። ማታ ደገመው። በማግስቱ ጠዋትም ደገመው።

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ባለፈው አንዷ ገዢ እቤት ድረስ መጥታ ‹ውሻዎ ሲያምር!› አለችኝ። እንትፍ እንኳ አላለችም እኮ!»

መሠረት በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት። «እትዬ፣ ይሄ የጨለማ ሥራ ነው፤ እጸልይለታለሁ» አለችና በማግስቱ ጠዋት ከውሻው ሦስት እርምጃ ርቃ፣ እጇን ዘርግታ ጸለየች። መከታ ጸሎቱን በጸጥታ አዳመጠ። «አሜን» ስትል ጮኸና ቤቱ ውስጥ ተወሸቀ።

«ወጣ!» አለች መሠረት።

«የት ወጣ? ገባ እንጂ!» አሉ እትዬ አስካለ።

ሚኒባሱን ከበራችን ላይ የሚያሳድረው ጎረቤታችን ሸምሱ ደግሞ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ «ጅብ ሸቶት ነው። እኔንም ጅብ ሲሸተኝ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ» አለ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። ያ ሰሞን መሬት ደጋግማ የነቀነቀችን ሰሞን ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አምፖል ሲወዛወዝ ያላየ ሰው አልነበረም። ከሰል አነሣሁና ቆርቆሮው አጥር ላይ የመሬትን ቅርፊት ሣልኩ። ስንጥቁን ሣልኩ። ሞገዱን በቀስት አሳየሁ። ከዚያ «እንስሳት መሬት ከመንቀጥቀጧ በፊት ይታወቃቸዋል ይባላል» አልኩ። «ይባላል» የምትለዋን ቃል በጣም ቀስ ብዬ ነው ያልኳት።

እትዬ አስካለ ሥዕሉን አዩት፤ ከዚያ መከታን፤ ከዚያ የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ። «እና ልጄ፣ ውሻው ከፈራ ቤቱ ሊወድቅ ነው ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

መምህር «ሊሆን ይችላል» ሲል ሰው የሚሰማው «ይሆናል» ብሎ ነው። ይህንን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። መከታ ገና አንዴ ከመጮኹ እትዬ አስካለ የባላቸውን ፎቶግራፍና የቡፌውን ብርጭቆዎች በነጠላ ጠቅልለው ወጡ። መሠረት ግማሽ ራሷ የተተኮሰ፣ ግማሽ ራሷ የተንጨባረረ ደንበኛዋን እየጎተተች ወጣች። እኔ ያልታረሙ አርባ ሁለት ደብተሮች ታቅፌ ወጣሁ። ግቢው መሃል ተሰብስበን ሰማይ ሰማይ እናያለን። ምንም የለም። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ ብቻ።

«እኔ የምለው» አለ ሸምሱ ከአጥሩ ቀዳዳ። «ሁላችሁም ከቤት ስትወጡ ቤት የገባው እሱ ብቻ ነው። ቤት እንደሚወድቅ የሚያውቅ ከሆነ ለምን ገባ?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲጠይቀኝ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» ነው የምለው። ለሸምሱም እንደዚያው አልኩት።

በዚያው ቀን፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ መሬት እውነትም ትንሽ ነቀነቀች። አምፖሉ ዥዋዥዌ ተጫወተ፣ የማንቆርቆሪያዬ ክዳን ተንቀጫቀጨ፣ አለቀ። ብትተወኝ ምን ነበረበት! ከዚያ ወዲያ መከታ የሰፈር ውሻ መሆኑ ቀረና የሰፈር መለኪያ መሣሪያ ሆነ። ሰዎች እትዬ አስካለ ሱቅ መጥተው «ሩብ ኪሎ በርበሬ ስጪኝ፤ መከታስ እንዴት ዋለ?» ይላሉ። «ፈራ» ካሉ በርበሬውን ሳይዙ የሚሮጡ አሉ። የማላውቃት ሴት ከታች ሰፈር ስልክ ደውላ «መምህር ነህ? ልጆቹን ከቤት ላስወጣ ወይስ ቁርስ ይብሉ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ቁርሱን ውጪ ያብሏቸው» አልኳት። በሁለቱም በኩል ላለመሳሳት።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ሊያስቅ ይችላል። በቀጣዩ ማክሰኞ ግን ሳቁ ቆመ። መከታ ሲጮኽ እትዬ አስካለ ሮጠው ሲወጡ የበራቸው መድረክ አደናቀፋቸው። እጃቸውን መሬት ላይ ተመርኩዘው ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ያን ጊዜውኑ አበጠ። ወጌሻ አሽቶ አሠረላቸው። ማታ በረንዳቸው ላይ እጃቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሁላችንንም ጠሩን።

«በቃኝ» አሉ። «የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር ያኖርኩት። አሁን እኔ ነኝ እሱን ስጠብቅ የምውለው። ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው። ይሂድ።»

ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅዳሜ በአስኮ አድርጌ ወደ ቡራዩ ስወጣ እወስደዋለሁ። እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ።»

ሰፊ ሜዳ። መንገድ ላይ የተጣለ፣ ሰው የለመደ፣ በየጠዋቱ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሰፊ ሜዳ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ አራታችንም እናውቃለን። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆየት ብለው በደኅናው እጃቸው ለመከታ ሥጋ ያለው አጥንት ወስደው ሲሰጡት አየሁ፤ ሊሄድ ለተነሣ እንግዳ የሚቀርብ ዓይነት።

ውሻውን አስፈሪ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፍርሃቱ የራሱ ነበር፤ ሌላው ሁሉ፣ ሩጫው፣ ስልኩ፣ የእትዬ አስካለ እጅ፣ የእኔ ከሰል ሥራ ነው። «እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን አለኝ። ምክንያቱን ካገኘሁ ይቀራል?» አልኳቸው።

«ካገኘኸው ይቅር» አሉ። «ብቻ አጥር ላይ አትሣል።»

ረቡዕ ሌሊት ሳይነጋ ተነሥቼ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በማስመሪያ ያሰመርኩት፣ አሥራ አንድ ዓምድ ያለው። መከታ፣ እትዬ አስካለ፣ መሠረት፣ የመሠረት ደንበኞች፣ ሸምሱ፣ ድመት፣ አሞራ፣ ንፋስ፣ ደመና፣ ደወልና አዛን፣ ልዩ ልዩ። ማን መቼ እንደወጣ፣ ማን መቼ እንደገባ፣ በየደቂቃው እጽፋለሁ።

መሠረት በትከሻዬ በኩል አየችና ጮኸች። «ቲቸር! እኔ ሽንት ቤት የገባሁበትን ሰዓት ምን ያደርግልሃል?»

«ለጥናት ነው።»

«የአንተስ የታለ?»

«እኔ ተመልካች ነኝ። ተመልካች ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም።»

«አይ ቲቸር!» ብላ ሄደች። የሄደችበትንም ሰዓት ጻፍኩ።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። መከታ ጠዋት የጮኸው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ። በማግስቱ ጠዋትም ሰዓቴን ይዤ ጠበቅሁት፤ ልክ በአሥራ ሰባት። ሰው ሰዓት ሲያከብር ደስ ይለኛልና በጭንቀቴ መሃል መከታን አደነቅሁት። ግን መሬት የሰዓት ሰሌዳ የላትም። ስለዚህ የመንቀጥቀጡ ሐሳብ አበቃለት ማለት ነው። ለማንም ሳልናገር እርጥብ ጨርቅ ይዤ ሄድኩና ከሰሉን ከአጥሩ ላይ ጠረግሁት።

ማን ነው ታዲያ በዚያ ሰዓት የሚንቀሳቀስ? ዓምዶቹን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ሸምሱ! ሸምሱ ሚኒባሱን በየጠዋቱ የሚያስነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እሱ ጦር ኃይሎች ላይ ሰው ሲጭን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ይሄኛው ማስረጃ ለጊዜው ጎን ይቀመጥ አልኩ። ነገሩን ሳልፈትነው ማደር አልፈለግሁምና ሮጬ ወጣሁ። ሸምሱ ገና ቁልፉን እየፈለገ ነው፤ ያን ዕለት አርፍዷል። ሞተሩ ሳይነሣ መከታ መጮኹ ራሱ ሐሳቤን ሊያፈርስ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ማታ ከሥራ ሲመለስ ያዝኩትና ለመንኩት።

«ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሣ በግፊ እናውርደው።»

«ለውሻ ብዬ መኪናዬን በግፊ?»

«ለእትዬ አስካለ ብለህ።»

«እሺ። መምህር ሲገፋ ማየትም ለራሱ አንድ ነገር ነው» አለ።

አርብ ልገፋ ስል ግን መብራት የለም። መብራት በሌለበት ጠዋት ሻይ የለም፤ ደረቅ ዳቦዬን በውሃ አወራረድኩና ወጣን። ሸምሱ መሪውን ይዞ፣ እኔና መሠረት ከኋላ፣ ቁልቁል ገፋን። ተሳፋሪዎች «ተበላሸ?» ሲሉ መሠረት «የለም፣ ውሻ እንዳይፈራ ነው» ትላቸዋለች፤ ሰዎቹም ሌላ ሚኒባስ ይፈልጋሉ። ላቤ እስከ ካልሲዬ ወርዶ ስመለስ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመዋል።

«አልጮኸም!» አሉኝ። «ይኸው ፀሐይ ይሞቃል!»

ዘለልኩ። ማታም አልጮኸም። ሸምሱ ግን አንገቱን ነቀነቀ። «እኔ ዕድሜ ልኬን እየተገፋሁ ልሠራ አልችልም፤ ነገ አስነሥቼው እንይ። ከጮኸ፣ ወይ እሱ ይሄዳል ወይ እኔ።» እትዬ አስካለም ተስማሙ። እኔ ግን በልበ ሙሉነት ተኛሁ። ምክንያቱ ተገኝቷል፤ ሚኒባሱን ትንሽ ራቅ አድርጎ ማሳደር ብቻ ነው የቀረው።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል መብራት መጣ። ሸምሱ በጠዋት መኪናውን አጥቦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ገባ። ገመድና ማዳበሪያ ይዟል።

«መጀመሪያ አስነሣው እንጂ!» አልኩ።

«አስነሥቼዋለሁ፤ አይሰማህም?»

እውነትም በሩ ላይ ሞተሩ ይንጎራጎራል። መከታ እርጥቡ መሬት ላይ ቆሞ ወደ ሞተሩ ጆሮውን አንዴ አቅንቶ ወደ ሰሃኑ ተመለሰ። አልፈራም። ሁላችንም አየነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ሚኒባሱ ካልሆነ ሠንጠረዤ ውስጥ የቀረ ስም የለም። ትናንት ለምን ሰላም ሆነ ታዲያ?

«እንግዲህ አልጮኸም አይደል? ይቅር» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ገና ነው፤ ሰዓቱ አልደረሰም» አልኩ። ሰው የራሱን ጉድጓድ እንዴት አጥርቶ ይቆፍራል! ገብቼ ሻዬን ጣድኩ፤ ሰው ሲጨንቀው የለመደውን ነው የሚያደርገው። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ከአሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። መሠረት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። እትዬ አስካለ የታሰረ እጃቸውን በደኅናው ይዘዋል። መከታ ጅራቱን ይወዘውዛል።

በአሥራ ሰባት ጮኸ። ያንኑ ጩኸት ነው። ተሽከረከረ፣ ሰሃኑን ገለበጠ፣ ሳንቃው ውስጥ ገብቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በቃ» አሉ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ውሰደው።»

ሸምሱ የእጣቢው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሰንሰለቱን ሊፈታ እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ። በዚያች ቅጽበት «ዋይ!» ብሎ ጮኸና በጀርባው ጭቃው ላይ ተዘረረ።

«ነከሰህ?» አለች መሠረት።

ሸምሱ እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል። ውሻው ከሳንቃው አልወጣም፤ እንዴት ይነክሰዋል? «ነ… ነዘረኝ» አለ። «ኮረንቲ!»

እትዬ አስካለ «ውሻዬን!» ብለው ወደ ሰንሰለቱ ጎንበስ አሉ።

«እንዳይነኩት!» አልኩ። በሕይወቴ ያለ ማብራሪያ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከሰንሰለቱ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ቧንቧውን አየሁት። ቧንቧው ላይ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ አራት ዙር፣ እኩል እኩል። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። በግድግዳው ላይ ይሄዳል፤ በየስንዝሩ በምስማር ተይዟል፤ በመስኮት ይገባል። በእኔ መስኮት። ሮጬ ገባሁና የምድጃዬን ስፒና ነቀልኩ።

ይህንን ሽቦ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ስላልነበረ ነው። ግቢው እንደገባሁ አንድ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛሁ። ሲግል አንዳንዴ ይነዝር ነበር። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ «ኮረንቲ ከዕቃው አካል ወጥቶ ወደ መሬት እንዲገባ በሽቦ እናገናኘዋለን» እያልኩ ቀስት የምሥል ሰው ነኝ። የብረት የውሃ ቧንቧ ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ስለዚህ ምድጃውን ከቧንቧው ጋር አገናኘሁት። እትዬ አስካለና መሠረት ቆመው ሲያዩኝ፣ መሬት ኮረንቲን እንዴት እንደምትውጥ ሩብ ሰዓት ያህል አስረድቻቸዋለሁ። እኔ ከዚያ ወዲያ የላስቲክ ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ ምድጃው አጠገብ ስለማልደርስ፣ የነዘረኝ ነገር የለም። ተሳክቷል ብዬ አመንኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሻይ እጥዳለሁ፤ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሽሮ። ምድጃው ግሎ ማፍሰስ እስኪጀምር ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ያ ያደነቅሁት ሰዓት አክባሪነት የማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ወጥቼ ነገርኳቸው። አንገቴን ደፍቼ።

«ግን ወደ መሬት መግባት ነበረበት እኮ! ቧንቧው መሬት ውስጥ ነው!» አልኩ መጨረሻ ላይ።

«የቱ ቧንቧ?» አሉ እትዬ አስካለ። «ይሄ? ይሄማ ከተቆረጠ ሁለት ዓመቱ ነው። ውሃው በፕላስቲክ ቱቦ በዚያ በኩል ሲዞር የታችኛውን ነቅለው ወሰዱት። ግድግዳው ላይ የቀረው ይሄ ቁራጭ ነው፤ ውሻ ማሰሪያ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቧንቧው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያልቃል። ከጫፉ በታች አየር ነው። እጣቢው ላይ ስቆም፣ ገባ ወጣ ስል፣ ያን ሁሉ ቀን ሰዓቴን ሳይ፣ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

«እትዬ፣ ሽቦውን ስጠመጥም ቆመው ነበር እኮ። ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ አስወራኸኝ?»

ኮረንቲው መሬት ሲፈልግ ከቧንቧው ወደ ሰንሰለቱ፣ ከሰንሰለቱ ወደ መከታ አንገት፣ በአራቱ እርጥብ እግሮቹ ወደ ጭቃው ይወርድ ነበር። መሬት የሆነልኝ ውሻው ነው። ደረቁ ሳንቃ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይቆምለታል። ሸምሱ «ለምን ቤት ገባ?» ብሎ የጠየቀውን መልስ መከታ ያውቀው ነበር፤ ከግቢው ሁሉ የሚነዝርና የማይነዝር ቦታ ለይቶ ያወቀ እሱ ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ሳንቃው አጠገብ ተቀመጡ። ሰንሰለቱን ከአንገቱ ላይ ፈቱ። «ይቅር በለኝ» አሉት በቀስታ፣ በጉራጊኛም የሆነ ነገር ጨመሩበት፤ ከባላቸው ጋር ያወሩበት የነበረው ድምፅ ይመስለኛል። መከታ አፍንጫውን አወጣ። ያበጠውን እጃቸውን አሸተተ። ቀስ እያለ ከነሙሉ ሰውነቱ ወጥቶ ጭናቸው ላይ ጭንቅላቱን ጣለ።

ሸምሱ ከጭቃው ተነሥቶ ማዳበሪያውን አራገፈ። «እንግዲህ መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል፤ ሰፊ ሜዳው ላይም አንድ ቦታ ተይዟል። መምህር፣ ሻንጣህን አዘጋጅ።»

መሠረት እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያን አንድ ስንዝር እያሰብኩ ነበር። እጃቸው ሰንሰለቱን ይዞት ቢሆን፣ ኮረንቲው እሳቸውንም እንደ ሸምሱ ገፍትሮ መጣሉን ማን ያውቃል?

በዚያው ቀን ሥራውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠራን። ምድጃውን ገልብጦ አየና «ይሄ ምድጃ ሳይሆን ወጥመድ ነው» ብሎ ገመዱን ቆርጦ ጣለው። ሽቦዬን ሲነቅል ምስማሮቹን ቆጠረ፤ «አሠራሩ ግን ንጹሕ ነው» አለኝ። ሊያበረታታኝ ብሎ ይመስለኛል፤ በዚያን ቀን ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ መከታ አንዴም አልጮኸም። ለሦስት ሳምንት ግን በደጃፌ አያልፍም ነበር፤ ሲያየኝ በአጥሩ ጥግ ጥግ ዞሮ ይሄዳል። አልፈረድኩበትም። በሰፈሩ ደግሞ አሁንም ስልክ የሚደውሉልኝ ሰዎች አሉ። «ውሻው እንዴት ዋለ?» ሲሉኝ «ደኅና ነው፤ እኔም ምድጃ የለኝም» እላቸዋለሁ። ግራ ተጋብተው ይዘጋሉ። አላስረዳቸውም።

እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ዕቃ እንዳይነዝር ተብሎ የተዘረጋ ሽቦ ካለ፣ ምንም ሳትነኩ ቁሙና በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉት። ግድግዳውን ይዛችሁ ሂዱ፣ በመስኮቱ ውጡ፣ ወደ ጓሮ ዙሩ፣ ካስፈለገ ጎንበስ በሉ። አጠገባችሁ በዕድሜ የቆየ ሰው ካለ «ይሄ የት ነው የሚደርሰው?» ብላችሁ ጠይቁና ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም በሉ። ከዚያ ጫፉን ፈልጉ። መሬት ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን እዚያ ጫፍ ላይ ማን እንደታሰረ እዩልኝ።